ዚዮላይት፦ ከሲሚንቶ ላይ ሸክም የሚያነሳ ድንጋይ

ዚዮላይት የተፈጥሮ ማዕድን ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ አልካላይን ከሆነ የሐይቅ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ጋር ለረጅም ዘመን ሲቆይ ይፈጠራል። አመዱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ከዚያ ሌላ መልክ ይዞ ይጠጥራል። አዲሱ ማዕድን ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ውሃ ቋጥረዋል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ስዊድናዊው የማዕድን ተመራማሪ አክሰል ክሮንስቴት እ.ኤ.አ. በ1756 ድንጋዩን በእሳት ሲያግለው እንፋሎት እየተንተከተከ ሲወጣ አየ። በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ብሎ ሰየመው። ይህ ከውሃ ጋር ያለው ቁርኝት ኮንክሪት ውስጥም ይከተለዋል።

ለምን ከሲሚንቶ ጋር ይቀላቀላል? መልሱ ያለው ምድጃው ጋ ነው። ሲሚንቶ ለማምረት የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይጋገራሉ። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በዚህ ሙቀት ከክብደቱ 44 በመቶውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ይለቃል። ምድጃውን በምንም ዓይነት ንጹሕ ኃይል ብናነደው ይህ ጋዝ አይቀርም፤ ከድንጋዩ ከራሱ ነውና የሚወጣው። ስለዚህ አንዱ አስተማማኝ መንገድ ክሊንከሩን፣ ማለትም ከምድጃው ወጥቶ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ግብዓት፣ መቀነስ ነው። ዚዮላይት ምድጃ አይፈልግም። ከካባ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ አለቀ።

አሠራሩ ደስ የሚል ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሁለት ነገር ይፈጥራል። አንዱ ኮንክሪቱን አጣብቆ የሚይዘው የካልሲየም ሲሊኬት ሙጫ ነው። ሁለተኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኖራ ነው። ከጠጠረው ሲሚንቶ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ይኸው ኖራ ነው፤ ለጥንካሬ የሚሰጠው ግን ትንሽ ነው። በውሃ ይታጠባል፣ ሰልፌት በሚባል ጨው ይጠቃል። ዚዮላይት ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና ይህን ኖራ ያገኙትና ወደ ተጨማሪ ሙጫ ይለውጡታል። ደካማው ጠንካራ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ የሚሠሩ ማዕድናት ፖዞላና ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው በኔፕልስ አቅራቢያ ካለችው ፖዙዎሊ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማውያን የኔፕልስን አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅለው የባሕር ወደቦችን ገንብተዋል። በእነዚያ ወደቦች ኮንክሪት ውስጥ ዛሬም ፊሊፕሳይት የተባለ ዚዮላይት ይገኛል። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው የሎስ አንጀለስ የውሃ ማስተላለፊያ አለ። በግንባታው ዚዮላይት ያዘለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ሲሚንቶ ተክቷል። ዛሬ በብዛት የሚፈለገው ክሊኖፕቲሎላይት የተባለው ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ዚዮላይት ውሃ ይጠማዋል። ባለቀዳዳ ስለሆነና የተፈጨው ዱቄት ሰፊ ገጽ ስላለው የድብልቁን ውሃ ይመጥጣል። ድብልቁ ይወፍራል፣ ካሳፎርማው ውስጥ በደንብ አይወርድም። ሠራተኛው ውሃ ልጨምር ቢል ጥንካሬው ይወድቃል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሙከራ የሚበላሸው። መፍትሔው ውሃ ሳይሆን ሱፐርፕላስቲሳይዘር ነው፤ ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያቀጥን ኬሚካል ማለት ነው። በሌላ በኩል ይኸው ጥማት ጥቅምም አለው፤ ውሃው ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ድብልቁ እንዳይለያይ ይይዛል።

ሌላው ክብደት ነው። የሲሚንቶ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.15 ግራም ገደማ ሲሆን የዚዮላይት 2.2 አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ በአንድ ኪሎ ዚዮላይት ሲተካ የሚይዘው ቦታ ወደ 1.4 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የአሸዋው መጠን እንደገና መሰላት አለበት።

ጥንካሬው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ዚዮላይት ያለው ኮንክሪት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ከሲሚንቶው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲተካ በ28 ቀን ወደ ተራው ኮንክሪት ይጠጋል፣ በ90 ቀን ሊበልጥም ይችላል። ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን ብዙውን ጊዜ ጥንካሬው ይቀንሳል። እኔ ብጠየቅ 10 በመቶ ላይ ጀምሩ እላለሁ። ኮንክሪቱን ውሃ ማጠጣት ደግሞ ከወትሮው በላይ ረዘም ማለት አለበት። ከደረቀ ኖራውን ወደ ሙጫ የሚለውጠው ሥራ ይቆማል።

እኔን የበለጠ የሚስበኝ ዕድሜው ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስለሚጠብቡ ጨው ወደ ፌሮው ለመድረስ ይቸገራል። ለሰልፌት ያለው መቋቋም ይሻሻላል። ጠጠሩ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተጣልቶ ኮንክሪቱን የሚሰነጥቅበት ችግርም ይቀንሳል። ለግድብና ለወፍራም መሠረት ደግሞ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጥረው ሙቀት ዝቅ ማለቱ ትልቅ እፎይታ ነው። በአንጻሩ ኖራው ስለሚቀንስ የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት ሊገባ ይችላል፤ ቀጭን አርማታ ላይ ይህ መታሰብ አለበት።

ደረጃዎችም አሉ። የአውሮፓው ኢኤን 197-1 ከ6 እስከ 35 በመቶ የተፈጥሮ ፖዞላና የያዙ ሲሚንቶዎችን በሁለት ክፍል ያስቀምጣል። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ618 ደግሞ ድንጋዩ ሲጋል የሚያጣው ክብደት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ዚዮላይት እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚያጣው ግን በአብዛኛው ያው የቋጠረው ውሃ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን መጥፎ ነው አያሰኝም።

የፍሳሽ ውሃ ሲያጣራ የቆየ ዚዮላይት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። አሞኒየም ይዟል፤ ከሲሚንቶው አልካላይን ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ይለቃል፣ ሽታውም ለሠራተኛው አደገኛ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ኤሪዮናይት ነው። እንደ ቃጫ የቀጠነ የዚዮላይት ዓይነት ሲሆን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በቱርክ ካፓዶቅያ አካባቢ ባሉ መንደሮች ብዙ ሰዎች ከዚህ ድንጋይ ጋር ኖረው በሜሶቴሊዮማ፣ ማለትም በሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ሞተዋል። አዲስ ካባ ሲከፈት የመጀመሪያው ናሙና ከጥንካሬ ሙከራ በፊት የማዕድኑን ዓይነት ወደሚለየው የኤክስሬይ ምርመራ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።