«ትንሽ» ማለት ደካማ ማለት አይደለም

እዚህ ሐረር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ ስንጫወት ደጋግሞ የሚያከራክረን አንድ ቃል አለ፤ «ትንሽ» የሚለው የአካል መጠን። ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ ገጸ ባሕርይ የመረጠ ተጫዋች ጉልበቱ የሚቀነስበት ይመስለዋል። አይቀነስበትም! በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም «ትንሽ» እና «መካከለኛ» አካል በውጊያ የሚይዙት ቦታ እኩል ነው፤ በየጎኑ 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። የሸክም ስሌታቸውም አንድ ነው።

በዚሁ የ2014 ሕግ ገደቡ ያለው እንደ ረጅም ቀስት ባሉ «ከባድ» በተባሉ መሣሪያዎች ላይ ነው። ትንሹ በእነርሱ ሲያጠቃ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ቁጥር ይወስዳል። መሣሪያ ከቀየረ ቅጣቱ ይቀራል።

እውነተኛው ፈተና ከ«ትንሽ» የሚያንሰው «ደቃቃ» የሚባለው መጠን ነው። የተጫዋቾች መመሪያው ይህን መጠን ለተጫዋች አያቀርብም፤ እኛ ግን የሚጠይቅ አላጣንም። ቦታው በየጎኑ 2 ጫማ ተኩል፣ መሸከም የሚችለው የትንሹን ግማሽ ነው። ከጁገል መተላለፊያዎች ጠባቡን አስቡ፤ ስፋቱ 2 ጫማ ተኩል ከሆነ ደቃቃው እንደ ልቡ ያልፋል። ትንሹ ግን ራሱን አጥብቦ ነው የሚያልፈው፤ እያንዳንዱ ጫማ ርቀት ከእንቅስቃሴው እጥፍ ያስከፍለዋል፣ ጥቃቱ ይዳከማል፣ ጠላትም በቀላሉ ይመታዋል።

ስለዚህ ጨዋታ መሪ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራና ሕጉን የሚዳኝ፣ ሆኜ ስቀመጥ የደቃቃውን የሕይወት ነጥብ አልነካም። ሸክሙን በጥብቅ እቆጥራለሁ፤ የቆሰለ ጓደኛውን ጎትቶ ማውጣት ሲያቅተው መጠኑ ዋጋውን ያስከፍለዋል።