በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የሚካሄደው አነስተኛ የዓሣ ማስገር ሥራ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ወደብ ናት። ከእርሷና ከደምቢያ ዳርቻዎች የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ለጎንደር ገበያ ይቀርባል፤ ጨው ተነስንሶበት የደረቀው የዓሣ ቋንጣ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖሯል።

የማስገሪያው ነባር ዕቃ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሲሆን፣ በዚህ ጥበብ የሚታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ታንኳው ከሥራ መልስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ በአንድ የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት በታገዘ ፕሮጀክት ነው። ምርቱ ጨመረ፤ በሐይቁ ላይ ያረፈው ጫናም አብሮ ጨመረ።

ከሁሉ በላይ የተጎዳው ነጭ ዓሣ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት 15 ያህል ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም፤ ከፊሎቹም በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላሉ ንጹሕ ጠጠርና ፈጣን ውሃ ይፈልጋል። ዓሣው ግን ገና ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀዋል፤ ሽቅብ ያለፈውን ደግሞ አንዳንዶች ዓሣን የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭተው ውሃው ውስጥ በትነው ትልቅና ትንሽ ሳይለዩ ያፍሱታል። አሸዋ ማውጣቱና የመስኖ ግድቡም መንገዱን ያጠቡበታል። ነጭ ዓሣ ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ በመሆኑ፣ በአንድ ክረምት የጠፋው በሚቀጥለው አይተካም። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መከሰቱ የታወቀው እምቦጭም በሰሜኑ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ለመረብም ለጀልባም እንቅፋት ሆኗል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለቁጥጥሩ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። ሆኖም በመራቢያው ወራት የወንዝ አፎች ለመረብ ይዘጉ ሲባል፣ የዕለት ጉርሱን ከመረቡ የሚያገኘው አስጋሪ በእነዚያ ወራት በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ አብሮ ሊመለስ ይገባል፤ ክልከላውን በጋራ የሚጠብቁት ራሳቸው አስጋሪዎቹ ካልሆኑ የትኛውም ዘበኛ በሌሊት የሚጣለውን መረብ ሁሉ አይደርስበትም። ለአስጋሪው ተጨማሪ መረብ ማደል ግን በሐይቁ ላይ ያረፈውን ጫና ስለሚያብስ ድጋፍ ሊባል አይችልም።

ከባዱ ነገር ገበያው ነው። ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥሩ ምእመናን ብዙ በመሆናቸው በሁዳዴ ፍላጎቱ ይንራል፤ ከነሐሴ 1 ቀን የሚጀምረው ፍልሰታም ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት ላይ ይውላል። ጎርጎራ ላይ በረዶና ጥልቅ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ቢኖር፣ በበጋ የተሰገረውን ዓሣ አቆይቶ ለፍልሰታ ማቅረብ፣ በበጋ ፀሐይ በንጽሕና የደረቀውን ቋንጣም ለጎንደር ነዋሪ መሸጥ ይቻላል፤ አስጋሪውም ዓሣው እንዳይበላሽበት ሲል ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም።