የአሌግራንሳ ካልዴሬታ

የአሌግራንሳ ካልዴሬታ በስፔን የካናሪ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ፣ አሌግራንሳና ሞንታኛ ክላራ በተባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተመዘገበ የዘማሪ ወፍ ንዑስ ዝርያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሳክሲኮላ ዳኮቲዬ ሙሪየሌ ይባላል። ዛሬ ጠፍቷል ተብሎ ይታመናል፤ መጀመሪያውኑ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ መሆኑም ቢሆን ያጠራጥራል።

ዋናው ዝርያ የሚራባው ከአፍሪካ ጠረፍ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በፉዌርቴቬንቱራ ደሴት ብቻ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሚድ ዋልዶ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ካልዴሬታ ይለዋል። ወንዱ ራሱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ደረቱ ብርቱካናማ ሲሆን ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው። ቋጥኝ ወይም ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ሆኖ ጅራቱን እያርገበገበ መሬቱን ይቃኛል፤ ነፍሳት ሲንቀሳቀሱ ካየ ዱብ ብሎ ይለቅምና ወደ ማማው ይመለሳል። ድምፁ ሁለት ጠጠር ሲጋጭ እንደሚሰማው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረውን ዘመዱን ያየ ሰው አቀማመጡን ወዲያው ይለየዋል፤ የእኛው ወንድ ግን ደረቱ ጥቁር ነው።

በ1913 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ባነርማን የትንንሾቹን ደሴቶች ወፍ ለብቻው ለይቶ በሚስቱ በሙሪየል ስም ሰየመው። መለያው በዋነኛነት የላባ ቀለም ነበር፤ ጥርጣሬው የሚነሳውም ከዚሁ ነው። የዚህ ወገን ወፎች አዲስ ላባ ሲያወጡ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፤ ወራት ሲያልፉ ጠርዙ እየተበላ ያው አንዱ ወፍ ሌላ መልክ ይይዛል። በሙዚየም በተቀመጡ ጥቂት የደረቁ የወፍ ቆዳዎች ላይ ተመርኩዞ ንዑስ ዝርያ መለየት ለዚህ ነው የሚያስቸግረው።

ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ጥያቄ የቦታው ነው። በፉዌርቴቬንቱራና በአሌግራንሳ መካከል ትልቋ ላንዛሮቴ ተዘርግታለች፤ ካልዴሬታ ግን እዚያ አይራባም። ወፉ ደግሞ ከቀዬው ብዙም የማይርቅ ነው። ታዲያ ትልቋን ደሴት አልፎ አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ደረቅ እሳተ ገሞራ ላይ እንዴት ተገኘ? ቀድሞ በሦስቱም ደሴቶች ኖሮ ከላንዛሮቴ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መንገድ የሳቱ ጥቂት ወጣት ወፎች ተይዘው ሊሆንም ይችላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ የጠፋው አንድ ሙሉ የአካባቢ ዘር ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን የጠፋ ንዑስ ዝርያ የለም ማለት ነው።

ሕያው ወፍ ከደሴቶቹ ስለጠፋ አሁን መልስ የሚጠበቀው ከቆዳዎቹ ነው። ከእግር መዳፉ ሥር በምላጭ የምትነሳ ቅንጣት ዲኤንኤ ትሰጣለች፤ እሱን በፉዌርቴቬንቱራ ሸለቆዎች ዛሬም ድመትና የፍየል ግጦሽ ከሚያሰጋቸው ካልዴሬታዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል።