በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ ስላሉ ትንንሽ ሰዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰው የሚገባው ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው»
ሰው የሥዕሉ መለኪያ ነው። 4 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሐረርን የጀጎል ግንብ ያለ ሰው ብትስሉት የከተማ ቅጥር ይሁን የጓሮ አጥር አይለይም። ግንቡ ሸራው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሥሩ የምትቆመው ሴት 4 ሴንቲ ሜትር ትሁን። 6 ካደረጋችኋት ግንቡ ተራ የግቢ አጥር ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ሰው ካነሰ ሥዕሉ የብቸኝነት ነው»
ይሄ በጣም የተለመደው ነው። ሰበቡ ምናልባት ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ከ1808 እስከ 1810 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ በባሕር ዳርቻ ብቻውን የቆመ መነኩሴ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ሠዓሊው ግን ባሕሩ ላይ መርከቦች መሳል ጀምሮ ኋላ በቀለም ሸፍኗቸዋል፤ ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ጠፋ። ቻይናዊው ፋን ኩዋን ከግዙፍ ገደል ሥር የሳላቸው ነጋዴዎችም ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን አብረው ናቸው፣ ጭነት እየነዱ ነው፣ መንገድ አላቸው። ብቸኝነት አይሰማም።

ድሬዳዋ ላይ ሞክሩት። በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ መሃል ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ሆድ ያስብሳል። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቁመት፣ ሁለት አህያ አስቀድሞ ወደ ዛፍ ጥላ ሲያመራ ግን ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው።

«ሰው በራቀ ቁጥር ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል»
በሜዳ ላይ ቆማችሁ ስትስሉ፣ በቁመት ከእናንተ የሚቀራረቡ ሰዎች ሁሉ፣ ቅርብም ሩቅም፣ ጭንቅላታቸው አድማሱ መስመር ላይ ይውላል፤ የሚለያየው እግራቸው ነው። ከሐኪም ተራራ ወደ ሐረር ቁልቁል ስታዩ ሕጉ ይገለበጣል፦ ታች ያለው ሰው ሁሉ ከአድማሱ በታች ይቀራል። አንዱን እንኳ አድማሱ ላይ ካደረሳችሁት ቤት የሚያክል ሰው ይወጣችኋል።

«ፊት ከሌለው ሰው አይመስልም»
2 ሴንቲ ሜትር ሰው ጭንቅላቱ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዓይን ከጨመራችሁበት አሻንጉሊት ይሆናል፤ ጭንቅላቱን ካተለቃችሁት ደግሞ ሕፃን። ከበስተጀርባው ያለው ቀለም ሲደርቅ በ1 ቁጥር ቀጭን ብሩሽ ሁለት ጭረት ይበቃል፣ አንዱ ለብርሃኑ ጎን፣ አንዱ ለጥላው። እግሮቹን ወደ ታች አጥብቡ።

«የሐረር ልብስ ደማቅ ነውና ቀለሙ ከቱቦው እንዳለ ይቀመጥ»
ሩቅ ያለ ድምቅ ያለ ቀይ ወደ ፊት ዘሎ ርቀቱን ያፈርሳል። በዙሪያው ካለው ግራጫ ቀላቅሉበት።

«ጥላ ጌጥ ነው»
ጥላ ሰዓት ይናገራል። ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም ከሰውየው ቁመት ጋር ይቀራረባል፤ በሚያዝያ ቀትር ግን እግሩ ሥር ይሰበሰባል። በየትኛውም ሰዓት የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ይጀምር፤ ክፍተት ከተዋችሁ ሰውየው አየር ላይ ይንሳፈፋል።