የሰሜን ተራሮች የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ከጎንደር ደርሶ መልስ

የሰሜን ተራሮች የአንድ ቀን ጉብኝት ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ተነስቶ፣ ከአስጎብኚና ከስካውት (መሣሪያ ከያዘ ጠባቂ) ጋር ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ገብቶ፣ ገደሉንና የዱር እንስሳቱን አይቶ በዚያው ቀን የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ስለ ፓርኩ የተጻፈው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ድንኳን ይዘው ለቀናት በእግር ለሚሄዱ የውጭ እንግዶች የታሰበ ነው። የአገር ሰው ሁኔታ ይለያል። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ጎንደር ይመጣል፣ ከውጭ ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣል፣ የሚተርፈውም አንድ ቀን ነው። ይህ ዳሰሳ ለእሱ የተሰናዳ ነው።

በአንድ ቀን ምን ይታያል? ተራራውና ጭላዳው ይታያሉ፣ ጉም ካልከለከለ በስተቀር። ዋልያ እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን የዕድል ጉዳይ ነው። ሦስቱንም እንስሳት በአንድ ቀን አሳያለሁ የሚል ካለ ከልክ በላይ ቃል እየገባ ነው።

ቦታው

ፓርኩ በሰሜን ጎንደር ዞን ይገኛል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደባርቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የሚያልፍ አስፋልት ነው።

ተራራው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ደጋግሞ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ግዙፍ ደጋ ሠራ። ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ቆረጡት። የሰሜኑ ጠርዝ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ የአዲ አርቃይና የጠለምት ቆላ ተዘርግቶ ይታያል፣ በመሐሉም ሹል ሹል አምባዎች ብቻቸውን ቆመዋል። ይህን የመሰለ ገደል ሌላ ቦታ አለ ቢባል ለማመን ይቸግራል።

የአገራችን ከፍተኛ ቦታ ራስ ደጀን ከዚሁ ሰንሰለት ነው። ከፍታው በትምህርት ቤት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነበር። በኋላ የተሠሩ ልኬቶች ወደ 4,543 ሜትር አውርደውታል፣ የድሮው ቁጥር ግን አሁንም በብዙዎች አፍ ላይ አለ። የአንድ ቀን ተጓዥ ራስ ደጀን ላይ አይደርስም፤ ለዚያ ቢያንስ የጥቂት ቀናት ጉዞ ያስፈልጋል።

ታሪክ

የተራራው ስም በጽሑፍ የሚገኘው ከጥንት ጀምሮ ነው። በአዱሊስ የነበረውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ የገለበጠው የንጉሥ ጽሑፍ፣ በረዶ በለበሱና ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ይጠቅሳል። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በእነዚህ ተራሮች ነው፤ አንዱ ከፍታም በስሙ ይጠራል። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት የቤተ እስራኤል አባቶችም እዚህ ምሽግ ነበራቸው፣ ከአጼ ሠርፀ ድንግል ጦር ጋርም ተዋግተዋል። አጼ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው እ.ኤ.አ. በ1855 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዘውድ የጫኑት በሰሜን ምድር፣ በደረስጌ ማርያም ነው።

እንስሳቱን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ መጥቶ የዋልያን፣ የጭላዳንና የቀይ ቀበሮን ናሙናዎች ወሰደ። ቀይ ቀበሮ በሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተራራውን ስም ይዞ ቀረ።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው ዘመን በሰነድ የበለጸገ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይቻላል። ያኔ የዋልያ ቁጥር እጅግ ተመናምኖ ነበር። ዌልስ የተወለደው ክላይቭ ኒኮል ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ፓርኩ በነጋሪት ጋዜጣ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። የስዊስ ተመራማሪዎችም በብዛት መጡ። በርንሃርድ ኒቨርጌልት ዋልያን አጠና። ሀንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ ነበር፣ የአፈሩን መሸርሸርም ለዓመታት ተከታተለ። ስለ ሰሜን ተራሮች አፈር፣ ሣርና እርሻ ዛሬ የምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜን ተራሮች አንዱ ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ መሆናቸው ብዙ የማይነገርለት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ደረሰ። አካባቢው ለዓመታት የውጊያ ቀጠና ሆነ፣ የፓርኩም ሥራ ተቋረጠ።

ሰላም ሲመጣ የታየው ጉዳት ቀላል አልነበረም። የዋልያ ቁጥር በ1990ዎቹ አጋማሽ 250 ገደማ ነበር። እርሻና ግጦሽ ወደ ውስጥ ገፍቷል። ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድም ተሠራ። በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከዚያ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። የፓርኩ ወሰን ተሻሻለ፣ እነ ስልኪ፣ ቅዱስ ያሬድና ራስ ደጀን ተጨመሩና ስፋቱ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ግጦሽ እንዲቀንስ ተደረገ። ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ ተያዘ። በ2016 ፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ሰነዶቹ ዝውውሩን በፈቃደኝነት የተደረገ ይሉታል። ከተነሱት ውስጥ በከተማው ኑሮ ቅር የተሰኙ መኖራቸውም ይነገራል፤ መሬት ላይ ያደገ ገበሬ ከተማ ሲገባ ይህ የሚጠበቅ ነው። በ2017 በፖላንድ በተካሄደው ጉባኤ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ተሰረዘ። ለስካውቶቹና ለሠራተኞቹ የዓመታት ድካም ፍሬ ነበር።

በ2019 ደግሞ እሳት ተነሳ። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አገዙ። የጓሳ ሣሩና የአስታ ዛፉ ተቃጠለ።

የቀኑ ጉዞ

ከጎንደር መነሻው ከጠዋቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ዘግይቶ የተነሳ ሰው የቀኑ ጉዞ መጨረሻ የሆነው ጨነቅ ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ባያስብ ይሻላል። ደባርቅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመንገድ ላይ ኮሶዬ ላይ ቆም ብሎ ቆላውን ማየት የተለመደ ነው።

ደባርቅ ላይ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። የመግቢያ ይከፈላል፣ ለአገር ውስጥ ጎብኚ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው። አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት የሚመደበውም እዚያው ነው። ቁርስ ያልበላ ሰው ደባርቅ ላይ ይብላ። ምሳና ውሃም ከዚሁ ተይዞ ይኬዳል።

ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። የገብስ ማሳውን አልፎ የፓርኩ በር ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ቡይት ራስ። ጭላዳ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከዚህ እስከ ሳንቃበር በገደሉ ጠርዝ በእግር መሄድ ይቻላል፣ እንደ ሰዉ ጉልበት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መኪናው ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃል። የዚህ ጉዞ ዋናው ነገር ይህ የእግር መንገድ ነው። በመኪና ብቻ ያለፈው ሰው ሰሜን ተራሮችን አየሁ ለማለት ይቸገራል።

ከሳንቃበር አልፎ የጅንባር ፏፏቴ አለ። 500 ሜትር ያህል ይወርዳል ይባላል። ክረምቱ እንደወጣ ውሃው ጎልቶ ይታያል፣ በበጋ መጨረሻ ግን ይቀጥናል። ጊዜ ያለው ወደ ጨነቅ ይቀጥላል። ጨነቅ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ዋልያ የማየት ዕድሉም የሚሻለው እዚያ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሞ ይታያል። የመኪና መንገዱ ከጨነቅ በላይ በቧሂት በር በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። ለአንድ ቀን ጉዞ ግን መመለሻው ጨነቅ ነው። እመት ጎጎ የሚባለው ከፍታም በአንድ ቀን ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።

እንስሳቱ

ጭላዳ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከዝንጀሮና ጦጣ ዘመዶቹ ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር ይነቅላል። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለ። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ቤተሰብ ይመሠርታል፣ ቤተሰቦቹ ተሰባስበው በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ ይሆናሉ። ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያያቸው ብዙም አይረበሹም። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ግን ራቅ ማለት ነው። ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ብስኩት የለመደ ጭላዳ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ከገበሬው ጋርም ይጣላል።

ዋልያ በዓለም ላይ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያም ነው። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቁጥሩ ከ1990ዎቹ በኋላ አድጎ በ2015 አካባቢ ከ850 በላይ ደርሶ ነበር። በቅርቡ የወጣው ቆጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል ይላል። ይህ በጣም አሳሳቢ ነው። ለማየት የሚሻለው ማለዳና ወደ ማታ ነው። የአንድ ቀን ጎብኚ ጨነቅ የሚደርሰው በቀትር ስለሆነ ዋልያው ብዙ ጊዜ ጥላ ይዞ ይተኛል። ከጎንደር ይልቅ ደባርቅ ያደረ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ቀይ ቀበሮ በሰሜን ተራሮች ያለው ቁጥር ከመቶ አይበልጥም። አብዛኛው ያለው በባሌ ነው። አይጥ አዳኝ ነው፣ ትልቁ ጠላቱም ከመንደር ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከእነዚህ ሌላ ድኩላና ሰስ አሉ። ሰማዩ ላይ ደግሞ አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ ያንዣብባል።

አስጎብኚና ስካውት

አስጎብኚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ብዙዎቹ የደባርቅና የአካባቢው ልጆች ናቸው። የአትክልቱን፣ የእንስሳቱንና የድንጋዩን ታሪክ ያውቃሉ። ስካውቶቹ ደግሞ ከገጠሩ የመጡ፣ በእድሜም ብዙውን ጊዜ የበሰሉ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝኛ የሚችሉት ጥቂት ናቸው። የአገር ሰው ከውጭ እንግዳ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ብሎ ማውራት ይችላል። ትናንት ዋልያው የት እንደዋለ፣ ጭላዳው በየትኛው ገደል እንዳደረ ስካውቱ ያውቃል። የሚጠይቀው ካለ ይናገራል። ብዙ ቡድኖች ስካውቱን ከኋላ እንደ ጠባቂ ብቻ አስቀምጠውት ይመለሳሉ፣ ያሳዝናል። ምሳ ሲበላ አብሮ መጥራትም የእኛው ባህል ነው።

ወቅትና ዝግጅት

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አበባውም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጠዋቱ ግን ውርጭ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግማሽ ቀን ከ3,600 ሜትር በላይ መውጣት ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ቀስ ብሎ መራመድና ውሃ መጠጣት ይረዳል። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይወጣ ይመረጣል። ጃኬት፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ የግድ ናቸው። በመንገዱ ዳር ሕፃናት የሱፍ ቆብና ስፌት ይሸጣሉ። ገንዘብ በእጅ ከመስጠት ዕቃውን መግዛት ይሻላል።

አሁን ያለው ሁኔታ

ከ2020 ጀምሮ አካባቢው ብዙ አይቷል። የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት አለ። ጎብኚ በጣም ቀነሰ። አስጎብኚው፣ በቅሎ ነጂውና ምግብ አብሳዩ ሥራ አጡ። ጉዞ ያሰበ ሰው ከመነሳቱ በፊት ደባርቅ ወደሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ አስጎብኚ ማኅበሩ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ አለበት። መንገዱ ክፍት ሲሆን ከጨነቅ መመለሻው ቢዘገይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሌሊት መንዳት አይመከርም፤ የመሸበት ሰው ደባርቅ ያድራል።