«ሬክተር ስኬል» ምንድን ነው?

የካቲት 7 ቀን 2017 አርብ ማታ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መጠኑ 6.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። አዲስ አበባም ተሰማ። ስልኬ ወዲያው ጮኸ። «ፕሮፌሰር፣ እዛ 6 ከሆነ እኛ ጋ ስንት ሬክተር ነበር?»

እዛም እዚህም 6.0 ነው። አንድ ተንታኝ «አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 3 ወርዷል» ሲሉ ሰምቼ በጣም ነው የከፋኝ። ቁጥሩ አይጓዝም፣ አይወርድም። የሚለካው ምንጩን ነው፤ የተሰነጠቀው አለት ስፋት ስንት ነው፣ ምን ያህል ተንሸራተተ።

የደብር ደወል አስቡ። ደዋዩ ገመዱን የሳበበት ጉልበት አንድ ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ የቆመ ጆሮውን ይይዛል፤ ወንዝ ማዶ ያለው ስልል ብሎ ይሰማዋል። በየቦታው የሚሰማው ንዝረት የራሱ መለኪያ አለው፣ መርካሊ ይባላል። ከ1 እስከ 12 ነው።

በደወሉ ልቀጥል። ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወፍራሙ ሩቅ ይሄዳል። መሬትም እንዲሁ ነው። ፈጣኑ ንዝረት ቶሎ ይከስማል፤ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው አዲስ አበባ ድረስ ይዘልቃል። እሱ ደግሞ ረጅም ሕንጻ ሲያገኝ ይብስበታል። ዘጠነኛ ፎቅ ያለች እናት አምፖሉ ሲወዛወዝ አይታ ልጆቿን ይዛ ስትወርድ፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምን ሆናችሁ?» ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከሥር ያለው አፈር ለስላሳ ከሆነም ንዝረቱ ይጎላል።

ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች አጠገብ እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 የደረሰው 7.1 ነበር፤ ሕንጻ ተደርምሶበት የሞተ ሰው አልነበረም። የካቲት 2011 የመጣው 6.2 ብቻ ነበር። ጉልበቱ ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል። ግን ከተማዋ ሥር ነበር፣ ጥልቀቱም ትንሽ። 185 ሰው ሞተ።

«ሬክተር» የሚለው ስምም አርጅቷል። ቻርልስ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነበር። ዛሬ ለትልልቆቹ የምንጠቀመው ሌላ ስሌት ነው። ደግሞም የመጀመሪያው ቁጥር በኋላ ቢስተካከል ማንም ዋሸ አትበሉ። የሩቅ ጣቢያዎች መረጃ ሲገባ 0.2 ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነው።

በሚቀጥለው ስትደውሉልኝ ስንተኛ ፎቅ እንደነበራችሁ፣ ምን እንደተወዛወዘ፣ ምን እንደወደቀ ንገሩኝ። «እኛ ጋ ስንት ነበር?» ለሚለው መልሱን የምሠራው ከዚያ ነው።