የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፦ አመሠራረቱ፣ የዕለት ሥራውና ሠራተኞቹ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሕንፃ ሳይሆን በልዩ ልዩ ግቢዎች የሚገኙ ቤተ መጻሕፍት በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። ስድስት ኪሎ ባለው ዋና ግቢ የጆን ኤፍ. ኬኔዲ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና የሕግ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አራት ኪሎ የሳይንስ፣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ፣ ጥቁር አንበሳ የሕክምና፣ ቢሾፍቱ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና ቤተ መጻሕፍት አሉ። ስለ ዩኒቨርሲቲው ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሱት ፕሬዚዳንቶቹ፣ መምህራኑና የተማሪዎች እንቅስቃሴ ናቸው፤ መጽሐፉን መዝግቦ፣ ማኅተም መትቶ፣ ከመደርደሪያ አውርዶና መልሶ ለዚህ ትውልድ ያደረሰው ሠራተኛ ግን እምብዛም አይወሳም። ይህ ዳሰሳ ተቋሙን ከዚያ ወገን ጭምር ለማየት የተሰናዳ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

ታሪኩ የሚጀምረው አራት ኪሎ ነው። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በዶክተር ሉስየን ማት የሚመራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የያዙት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ሆይናትስኪ ለትምህርቱ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት ከማሟላት ጎን ለጎን፣ በኢትዮጵያ የታተመውንና ስለ ኢትዮጵያ በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈውን ለብቻ መሰብሰብ ያዙ። የብራና መጻሕፍት፣ ሥዕሎችና መስቀሎችም አብረው ይሰበሰቡ ስለነበር፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ የሚጎበኘው ሙዚየም ከቤተ መጻሕፍት ጓዳ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮሌጁ ከአለማያው የእርሻ፣ ከጎንደሩ የጤና፣ ከአምስት ኪሎው የምሕንድስናና ከሌሎች የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጋር ተጣምሮ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ይህ ቤተ መንግሥት በ1920ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት የተገደሉትም እዚያው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለፈበት ቤት የንባብና የምርምር ቤት መሆኑ ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች እስከ ዛሬ የክብር ምንጭ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ፤ ሆይናትስኪም ያሰባሰቡትን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ማደራጀቱን ቀጠሉ። የተቋሙ መሥራች ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የፓንክረስት ስም ብቻ ነው። ፓንክረስት በምርምሩ፣ በመጽሔቱና ተቋሙን ለዓለም በማስተዋወቅ የሠሩት ሥራ ወደር እንደሌለው የታወቀ ነው፤ ሆኖም የቤተ መጻሕፍቱ ክምችት ተቋሙ ከመመሥረቱ ከዓመታት በፊት በሆይናትስኪ እጅ የተጀመረ በመሆኑ ምስጋናው ለሁለቱም ሊከፈል ይገባል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ከአገር ሊወጡ የነበሩ የብራና መጻሕፍትንና ቅርሶችን ገንዘብ አሰባስቦ በመግዛት ክምችቱን አበልጽጓል።

የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ ቤተ መጻሕፍት ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የመሩት ሪታ ፓንክረስት ናቸው። ቀደም ሲል በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉት እኚህ ሴት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጡ የጠበቃቸው በየግቢው የተበታተነ፣ እያንዳንዱ በራሱ ልማድ የሚሠራ ስብስብ ነበር። በእርሳቸው ዘመን የግዢውና የካታሎጉ (የመጻሕፍት ዝርዝር መዝገቡ) ሥራ ወደ አንድ ማዕከል እየመጣ ሄደ፤ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም የተገነባው በዚሁ ጊዜ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኅዳር 1956 ዓ.ም. ከመገደላቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ጎብኝተዋቸው ነበር፤ በቀብራቸውም ላይ ተገኝተዋል። በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተሠራውና በ1960ዎቹ መግቢያ አገልግሎት የጀመረው ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስሙን ሲቀይር፣ ሥርዓተ መንግሥትም ሲለዋወጥ «ኬኔዲ» የሚለው ስም ከተማሪው አፍ አልጠፋም።

ሕንፃው ሥራ በጀመረበት ሰሞን ግቢው የተረጋጋ አልነበረም። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተመቶ ሲሞት፣ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱ፤ የሟቾቹ ቁጥር እንደየምንጩ ይለያያል። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውና መምህሩ በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። በደርግ ዘመን የመጽሐፉ ምንጭ ከምዕራቡ ይልቅ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ አዘነበለ።

የዕለት ሥራው

የቤተ መጻሕፍቱ ቀን የሚጀምረው በር ላይ ነው። ጥበቃው መታወቂያ ያያል፣ ቦርሳ ማስቀመጫው ጋ ቦርሳ ይተዋል፣ ሲወጡም ደብተርና መጽሐፍ ይፈተሻል። በፈተና ሰሞን በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ይረዝማል፤ በሩ ሲከፈት ለጓደኛው ጭምር ቦታ የሚይዝ ተማሪ በየወንበሩ ፊት ደብተር አስቀምጦ ይሄዳል። ባለቤቱ ለሰዓታት ያልመጣ ደብተር እየተነሣ ለቆመው ተማሪ ቦታ መስጠት የአዳራሽ ተቆጣጣሪው ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ድምፅ ሳያሰሙ ማብረድም የእርሱ ነው። ሌሊት ሲቸክል ያደረ ተማሪ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሲተኛ ቀስ ብሎ ትከሻውን የሚነካውም እርሱ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሻው፣ ግን ጥቂት ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ የሚገኘው በሪዘርቭ፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ውሰት በኩል ነው። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ መጽሐፉን ለተወሰነ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያነባል፤ ማምሻውን ወስዶ ጠዋት የሚመልስበት አሠራርም አለ። መታወቂያው የመጽሐፉ መያዣ ስለሆነ በመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ በየሳጥኑ በቅደም ተከተል ይሰካዋል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ማን እንደዘገየ የሚያውቀው ከዚያ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ነገ በሚፈተንበት መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖር፣ ወረፋውን በፍትሕ ማዳረስ ትዕግሥትም ጥንካሬም ይጠይቃል።

ተማሪው የማያየው ሥራ ከጀርባ ያለው የቴክኒክ ክፍል ነው። አዲስ የገባ መጽሐፍ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የርዕስ ገጹ ላይና ሠራተኞቹ በሚያውቁት አንድ የውስጥ ገጽ ላይ ማኅተም ያርፍበታል፣ በጀርባው ላይ የመደርደሪያ ቁጥሩ ይለጠፍበታል። ከዚያ ካታሎግ ይሠራለታል፤ የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ከሌላው ዓለም የሚለይበት የእውቀት ሥራም እዚህ ላይ ነው። በውጭ አገር ደንብ ደራሲ የሚመዘገበው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፣ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት፤ ትክክሉም ይኸው ነው። በብዙ የውጭ ካታሎጎች ግን አባትየው የልጁን መጽሐፍ የጻፈ ሆኖ ይገኛል።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። «ኃይለ ማርያም» የሚለውን ስም አንዱ አሳታሚ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ያትመዋል፤ አንዱ ነጥሎ፣ ሌላው አጣብቆ ይጽፈዋል። በካርድ ካታሎግ ዘመን እነዚህ ሁሉ ካርዶች በየራሳቸው መሳቢያ ከገቡ የአንድ ሰው ሥራ ሦስት ቦታ ተበትኖ ይቀራል። ካታሎገሩ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በቀሩት ቦታዎች ሁሉ «ይህን ተመልከት» የሚል መምሪያ ካርድ ያስገባ ነበር፤ ይህን በጥንቃቄ የሠራ ሰው ለተመራማሪው የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ችግሩ አልተወገደም፤ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ሞክሼውን ያላሰበ ፈላጊ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል።

የኅትመት ዘመንም እንዲሁ ነው። የርዕስ ገጹ ላይ 1967 የሚል የአማርኛ መጽሐፍ ለውጭ አንባቢ ከአብዮቱ በፊት የታተመ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም ስለሆነ፣ የታተመበት ወር ካልታወቀ ካታሎገሩ ሁለት የፈረንጅ ዓመት በቅንፍ ይጨምራል፤ ለ1967 የሚጻፈው 1974/75 ነው። ይህችን ቅንፍ ችላ ያለ ተመራማሪ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሠራሩ ይለያል። መደርደሪያው ለአንባቢ ዝግ ነው፤ ፈላጊው ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል፣ ሠራተኛው ገብቶ ያመጣለታል። ክምችቱ ውስጥ በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የብርሃንና ሰላም ጋዜጣና ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የአዲስ ዘመን ጥራዞች፣ የብራና መጻሕፍትና በሌላ ስፍራ የማይገኙ የትምህርት ማሟያ ጽሑፎች ይገኛሉ። የድሮ ጋዜጣ ወረቀት በየጊዜው ሲገለጥ ጠርዙ ስለሚፈረካከስ፣ ትልቁን ጥራዝ በሁለት እጅ ደግፎ ማምጣትና አንባቢውን ገጹን ከላይ ከጥጉ ይዞ እንዲገልጥ ማሳሰብ የዕለት ሥራ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መጽሐፍ ከማምጣት አልፎ ይሄዳል፤ አንድ ተማሪ ስለ መሬት ይዞታ ሲጠይቀው በካታሎጉ ርዕስ ያልተጠቀሰውን ሰነድ አስታውሶ ያቀርብለታል። ብዙ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚሰጠው ምስጋና የመጣው ከዚህ ነው።

ሠራተኞቹ

ሥራው በፈረቃ ነው። የማታ ፈረቃ፣ በተለይ በፈተና ሰሞን ሰዓቱ ሲረዝም፣ ቤታቸው ራቅ ላለባቸው ሠራተኞች የትራንስፖርት ጭንቀት አለው። ክረምት ላይ ተማሪው ሲወጣ ቆጠራው ይመጣል፤ መደርደሪያው በየረድፉ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፣ ቦታውን የሳተው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የተቀደደው ለጥረዛ ይለያል። ጠፋ ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ አንዳንዴ የሚገኘው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሌላ ረድፍ ላይ ነው፤ ለብቻው ሊያነበው የፈለገ ተማሪ የደበቀው ይሆናል። የቀረው በክሊራንስ ጊዜ ይወጣል፤ ተመራቂ ከቤተ መጻሕፍቱ ነጻ መሆኑ ሳይፈረምለት ማስረጃውን ስለማይወስድ፣ ዓመቱን ሙሉ ዶርም ውስጥ የኖረ መጽሐፍ በምረቃ ሰሞን ይመለሳል።

የሠራተኛው ማኅበራዊ ሕይወት እንደ ማንኛውም የአገራችን መሥሪያ ቤት በእድርና በእቁብ የተሳሰረ ነው። ሐዘን ሲደርስ ፈረቃውን ተሸፋፍኖ ለቅሶ መድረስ፣ ወላድ መጠየቅ፣ ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባ ሽኝት ማዘጋጀት ያልተጻፈ ደንብ ነው። ነባሮቹ «ጋሼ» እና «እትዬ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ አዲስ የሚቀጠረውም ሥራውን በመመሪያ ከሚማረው ይልቅ ከእነርሱ አጠገብ ቆሞ የሚማረው ይበልጣል። ተማሪም በዚሁ አጠራር ይጠራቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ መምህር ሆኖ ሲመለስም አጠራሩ አይለወጥም።

በተላላኪነት ወይም በመጽሐፍ ደርዳሪነት ተቀጥሮ፣ ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ ይዞ ወደ ካታሎገርነት ያደገ ሰው በዚህ ቤት እንግዳ አይደለም። የሙያ ትምህርቱም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አድጓል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ የተከፈተው ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪዎችን በማስተርስ ደረጃ አስተምሯል። ያም ሆኖ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከአካዳሚክ ሠራተኛ ይቆጠር ወይስ ከአስተዳደር የሚለው ጥያቄ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሲንከባለል የኖረ ነው፤ ደመወዙንም የትምህርት ዕድሉንም የሚወስነው ይኸው ምደባ ነው። የሥራውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ካታሎገሩን ከመዝገብ ቤት ጸሐፊ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስልም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ የንባብ አዳራሾቹ ለወራት ተዘጉ። ዲጂታል አገልግሎቱ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው፤ የሕክምና ተመራማሪዎች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች በተከፈተው ሂናሪ በተባለው አገልግሎት መጽሔቶችን ሲያነቡ ቆይተዋል፣ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎችም በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ይሰበሰባሉ። ዛሬ ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይቀባበላል። አዳራሹ ግን አልተራቆተም፤ ዶርም ውስጥ ጠረጴዛና ጸጥታ ማግኘት ስለሚያስቸግር የራሱን ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይዞ የሚገባው ብዙ ነው። በዚህም የተነሳ ከሠራተኛው የሚፈለገው እየተለወጠ መጥቷል፦ መጽሐፍ ከሚጠይቀው እኩል የኢንተርኔት የይለፍ ቃል፣ ሶኬትና የመጽሔት ዳታቤዝ አጠቃቀም የሚጠይቀው ወደ መስኮቱ ይመጣል፤ ነባሮቹ ሠራተኞችም ይህን ከወጣቶቹ ባልደረቦቻቸው እየተማሩ በሥራቸው ቀጥለዋል።